ቅጠል ላይ የተጻፈ ይቅርታ

በዕፅዋት ምርምር ተቋሙ ግቢ ውስጥ እናቱ ያወጣችለትን ስም ብትጠሩ የሚያውቀው የለም። «ጋሽ ጨለማ» ካላችሁ ግን ከጥበቃው እስከ ኃላፊዋ ድረስ ጣታቸውን ወደ ምድር ቤቱ ይቀስሩላችኋል። ይህን ቅጽል ያተረፈው በፊቱ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቱ እንኳን የዋህ ነው። የሚሠራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ሰውዬው አይናገርም። ሰላም ሲሉት በአንገቱ ይመልሳል፣ ሲደሰት ዝም፣ ሲከፋው ዝም። እንዲህ ዝም ብሎ ዝም ብሎ ኖሮ፣ አፉን መያዝ የነበረበት ቀን ተናገረ። መናገር የነበረበት ቀን ደግሞ ዝም አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳችሁ፤ ሥራውን ሳታውቁ ሰውዬውን አታውቁትም። ቅጠል ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች አሉ። ለቅጠሉ ቀለሙን የሚሰጡት፣ ከብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጁለት እነሱ ናቸው። ብዙዎቻችን እነዚህ ቅንጣቶች በተፈጠሩበት ቦታ ተለጥፈው የሚኖሩ ይመስለናል። የለም፣ ይንቀሳቀሳሉ። ብርሃኑ ደከም ሲል ያለችውን ለመሻማት ወደ ቅጠሉ ፊት ወጥተው ይዘረጋሉ። ብርሃኑ ሲበረታ ደግሞ እንዳያቃጥላቸው ከመሀል ይሸሹና በየሕዋሳቸው ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይዘው ይሰለፋሉ። ቅረቡ ወይም ፈቀቅ በሉ የሚሏቸው በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ብርሃን ተቀባዮች ናቸው፤ እነሱም የሚሰሙት ሰማያዊውን ብርሃን ነው። በቀይ መብራት ቀኑን ሙሉ ቢያበሩባቸው ንቅንቅ አይሉም። ጋሽ ጨለማ በደብዛዛ ቀይ መብራት እየዳበሰ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ሌላ መብራት ቢያበራ ሙከራው ሳይጀመር ቅንጣቶቹ ተነሥተው ይሄዱበታል።

ሙከራው ራሱ ብዙ ጣጣ የለውም። ቅጠሉን በጥቁር ካርቶን ይሸፍነዋል፤ ካርቶኑ ላይ በምላጭ የተቀደደ ቀጭን መስመር አለ። ከላይ ኃይለኛ ሰማያዊ መብራት ያበራና ይጠብቃል። ካርቶኑ ሲነሣ፣ መብራት ያረፈበት መስመር ገርጥቶ፣ የተሸፈነው እንዳለ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ቅንጣቶቹ ጥግ ይዘዋላ፤ መሀሉን ባዶ ትተውታል። መብራቱ ጠፍቶ ቅጠሉ ደብዘዝ ያለ ቦታ ሲቀመጥ ግን ቀስ በቀስ ይመለሳሉ፤ መስመሩም እንዳልነበረ ይሆናል። ሥራውን ያስተማሩት የድሮዋ ዶክተር «አየህ ልጄ፣ ቂም አይዙም» ይሉት ነበር።

ታዲያ ወጣት ሳለ፣ ጋሽነቱም ሳይመጣ፣ አንድ ቀን በመስመር ፋንታ ፊደል ቀደደ። ከተቋሙ በር ፊት ለፊት የሠራተኞቹን ነጭ ጋዋን የምትሰፋ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳቂታ፣ ተናጋሪ፣ ማንንም የማትምር ሴት ናት። እሱ ሆን ብሎ የጋዋኑን ቁልፍ እየበጠሰ ይመላለስባታል። «ይሄ ቁልፍ ግን ምን በድሎህ ነው?» ትለዋለች፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት አንድ ሰፊ ቅጠል አምጥቶ የስፌት መኪናዋ ላይ አኖረላት። የፊደሎቹ ሆድ ከካርቶኑ አብሮ ተቆርጦ ስለወደቀ ጽሑፉ ጉብጥብጥ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ይነበባል። «አግቢኝ» ይላል።

ልብስ ሰፊዋ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በአፍህ ካላልከኝ አላገባህም» አለችው። ለእናቷ ላሳይ ብላ ቅጠሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማታ ቤት ገብታ ስታወጣው ቅንጣቶቹ ተመልሰዋል፤ ባዶ ቅጠል ነው። እናቷ ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው የልጃቸውን ግንባር በእጃቸው ለኩ፤ ትኩሳት መስሏቸው። ያም ሆኖ አገባችው። በአፉም አላላትም። ዕድሜ ልኳን ሰው በተሰበሰበበት «እኔኮ በባዶ ቅጠል የተዳርኩ ሴት ነኝ» እያለች ታስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ያኔ ያስቅ ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እናትየው «ሚጡ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። የእናቷ ምላስ፣ የአባቷ ግትርነት ነበራት፤ መቼም ከሁለቱም መርጣ ነው የወሰደችው። አባቷ ስለ እሷ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። «እናትሽ የሰፋችውን ጋዋን አንቺ ትለብሺዋለሽ» ይላታል ገና ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ። ኮሌጅ ገባች፤ ዕፅዋት ልታጠና። ጋሽ ጨለማ በዚያ ሰሞን ሲራመድ ጫማው መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ልጅቷ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። የማደሪያ ጓደኞቿን ፀጉር ስትሠራ ውላ ስታመሽ ነው የምትደሰተው። ትምህርቱን መሀል ላይ አቋረጠች፤ ፀጉር ሥራ ተማረች፤ በእናቷ አጋዥነት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ፀጉር ቤት ከፈተች።

በተከፈተበት ቀን እናትየው መጋረጃውን ሰፍታ ሰቅላ፣ ጎረቤቱን ጠርታ፣ ደንበኞቹ ተቀምጠው፣ ጋሽ ጨለማ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ከዚያ ቀይ ጨለማ ወጥቶ የቀን ብርሃን ዓይኑን እያጭበረበረው ገባ። መጀመሪያ ያየው ልጁን መጥረጊያ ይዛ ጎንበስ ብላ፣ መሬት ላይ የወደቀ ፀጉር ስትጠርግ ነው። ምነው ያን ሰዓት ምላሱ በተሳሰረ።

«እኔ ልጅ ያስተማርኩት የሰው ፀጉር ጠራጊ እንድትሆንልኝ ነው?» አለ።

የፀጉር ማድረቂያው ብቻ ይጮሃል። ደንበኞቹ መስተዋቱን ማየት ጀመሩ። ሚጡ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ ቀስ ብላ አስደገፈችና «አባዬ፣ ውጣልኝ» አለችው። ወጣ። እናትየው እጇን አፏ ላይ ጭና ከመጋረጃዋ ሥር ቀረች።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ተቆራረጡ። እንዲያው የሚገርመው፣ መንገዱ ሳይርቅ፣ በታክሲ የሚደረስበት ሰፈር ውስጥ ሆነው ነው። ጋሽ ጨለማ ማጥፋቱን ያወቀው ገና ከበሩ ሳይርቅ ነው። ያን ጊዜ ዞር ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነገ እመለሳለሁ አለ። ነገው ሌላ ነገ ወለደ፤ በዘገየ ቁጥር ደግሞ አፍሮ የባሰ ዘገየ። መሀል ላይ የምትመላለሰው ሚስቱ ናት። ከዚያ ስትመጣ «ልጅህ ሰላም ብላሃለች» ትለዋለች፤ እዚያ ስትሄድ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ትላለች። ሁለቱም ውሸቷን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሁለቱም «ደህና ናት?» «ደህና ነው?» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ታከታት። የሰፋችውን ጨርቅ ከመኪናው ሳታነሣ ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ሰው፣ ያ ቅጠልህ እንኳን ብርሃን ሲበዛበት ፈቀቅ ይላል፤ በረድ ሲልለት ይመለሳል። አንተ ፈቀቅ እንዳልክ ቀረህ» አለችው።

እሱ ሻዩን አማስሎ ጠጣ።

ከዚያ ልቧን ታመመች። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አጠራት፤ ቀጥሎ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ብዙ ተስፋ ሳይሰጥ አሰናበታት። እሷም ነገሩ ገብቷታል፤ ተናጋሪ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሌላ ነገር አልለምንህም» አለችው። «ሳልሞት ሁለታችሁን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ልያችሁ። ሄደህ ይቅርታ በላት። በቃ።»

«እሺ» አለ።

«እሺህን አውቀዋለሁ። በአፍህ ነው የምልህ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ያ «እሺ» ስንት ቀን ከረመ መሰላችሁ። ጠዋት ሲነሣ ዛሬ እሄዳለሁ ይላል፤ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ቤቱ ይመራዋል። በመጨረሻ፣ የዱሮው ጸባዩ አይለቀውምና፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ካርቶንና ምላጭ አነሣ። አሁን እጁ ሠልጥኗል፤ የፊደሎቹ ሆድ እንዳይወድቅ በቀጭን ድልድይ እያያዘ ነው የሚቀደው። «ልጄ ይቅርታ» ብሎ ቀደደ። ቅጠሉን ከሥሩ አስተኝቶ መብራቱን አበራ።

መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ነበር። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በቅጠል ውስጥ ያለውን ሁሉ ባለበት ቀጥ የሚያደርግ ነው፤ በማጉያ መሣሪያ ሊያዩት ሲፈልጉ ነው የሚነክሩት። የተነከረ ቅጠል ይሞታል፤ ቅንጣቶቹ ግን ከቆሙበት አይነቃነቁም፤ የተጻፈበትም አይጠፋም። ጋሽ ጨለማ ጠርሙሱን አወረደ። ክዳኑን ሊከፍት ሲል አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ይሄ እኮ በእጇ ሊቀር ነው። መስተዋቷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ የመጣው ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሕያው ቅጠል ነው የሚያምረው ብሎ ለራሱ ነገረው። ራሱን እንኳ አላሳመነም።

ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አስጠርቷት በተቋሙ በር ላይ ለምትጠብቀው ሚስቱ ሰጣት። «ሳትከፍቺ ስጫት፤ ቶሎ ብለሽ» አላት። እሷ ጨርቁን አየች፤ እሱን አየች።

«አሁንም በቅጠል?» አለች። «አንተስ?»

«ሥራ አለኝ።»

ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ተጠንቅቃ ቦርሳዋ ታች ላይ አስቀመጠችውና ወደ ታክሲው ሄደች።

ሥራ አልነበረውም። ጥቂት ቆየና ሆዱ አላስቀምጥ አለው፤ ጋዋኑን አውልቆ ሌላ ታክሲ ተሳፈረ። የልጁ ሱቅ ጋ ሳይደርስ ወረደና በእግሩ ቀጠለ። ከፀጉር ቤቱ ማዶ ቅርንጫፉ የተንዠረገገ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ገብቶ ቆመ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው የቀረው። በመስኮቱ መስታወት ውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል። ሚጡ ጀርባዋን ሰጥታ የአንዲት ሴት ፀጉር ትጠቀልላለች። ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ተቀምጣለች። ደክሟት ነው፣ ታርፋለች አለ በሆዱ።

ልጅቷ ሥራዋን እስክትጨርስ ጊዜ ሄደ። ቅጠሉ በቦርሳ ጨለማ ውስጥ እየቆየ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ሚስቱ ጨርቁን አውጥታ ስትሰጣት፣ ልጁ ስትፈታው፣ ቅጠሉን ስትገለብጠው፣ ወደ መብራት ከፍ አድርጋ ስታየው አየ። ከዚያ መስተዋቱ ሥር አኖረችውና ማበጠሪያዋን አነሣች። አሁን ነው መግባት ያለብኝ አለ። አንድ እግሩን ከጥላው አወጣ። ደንበኞቹ ብዙ ናቸው አለ፤ ጨዋታቸውን ማቋረጥ ይሆናል አለ፤ ምን የማይለው ነገር ነበር። እግሩን መለሰ። ሚስቱ አሁንም ወደ መንገዱ እያየች ነው። ሲዞር፣ ሲሄድ፣ አሁንም ወደ መንገዱ እያየች ነበር።

ማታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ምን አለች?» አላት።

«‹አባዬ የሚጠፋ ነገር ላይ የጻፈው እንዲጠፋለት ነው› አለች።»

ጋሽ ጨለማ ጠርሙሱ ትዝ አለው። ልጁ በቦታው የነበረች ያህል ነው የተናገረችው። ሚስቱ «ምን ብለህ ጽፈህ ነበር ግን?» ስትል ጠየቀችው። እዚህ ላይ ነው የኔ ሆድ የሚቃጠለው። ሁለት ቃል ናት። እዚያው ለሚስቱ ቢላት እሷ ነገ ጠዋት ይዛ ትሄድ ነበር።

«ምንም» አለ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ሌላ ነገር ታወራ ነበር፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ መድኃኒቱ ምሬት። ብዙም ሳትቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለች አረፈች። መኪናዋ ላይ ያልተዘመዘመ ጋዋን ነበር።

በቀብሩ ላይ አባትና ልጅ በሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሙ። ከቀብር መልስ ዘመድ የሚያውቀው ነገር የለምና ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሳህን ቀረበላቸው። ያ ሁሉ የተለመነበት ነገር በዚህ መንገድ ሆነ፤ ተያይተው ሳይነጋገሩ፣ የለመነችው ሴት ሳታያቸው። ሚጡ ሳህኗን ሳትነካ ተነሥታ ሄደች። ጋሽ ጨለማ የቀረበለትን በላ፤ ለምን እንደበላ እስካሁን አያውቅም፤ ያፍርበታል።

ፀጉሩን ድሮም የምትቆርጠው ሚስቱ ነበረች፤ በልብስ መቀሷ፣ ሱቋ ጓሮ፣ «ዝም በል ጆሮህ ይሄዳል» እያለች፤ ለዚያውም ዝም ያለውን ሰው። አሁን ፀጉሩ ጆሮውን ሸፈነ፤ ኮሌታው ላይ ወረደ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ጫካ ልትሆን ነው እኮ» ብሎ ቀለደበት፤ ወዲያው ደግሞ ምክንያቱ ገብቶት አቀረቀረ። ጋሽ ጨለማ ያን ቀን ጨለማ ክፍሉ ውስጥ እጁን አጣምሮ ብዙ ተቀመጠ። ካርቶን አላነሣም፤ ምላጭ አላነሣም። ጋዋኑን ሰቅሎ ወጣ።

በዛፉ ሥር አልቆመም። ከቆምኩ አልሻገርም ብሎ ስለፈራ፣ መኪና ጥሩምባ እየነፋበት ቀጥ ብሎ ተሻገረ። ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ሚጡ የአንዲት ሴት ጭንቅላት ይዛ በመስተዋቱ ውስጥ አየችው። እጇ አልቆመም።

«ልጄ» አለ። ድምፁ ለረጅም ጊዜ እንዳልተከፈተ በር ሲጢጥ አለ። «ያን ቀን በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ። በሰው ፊት ልበልሽ ብዬ ነው የመጣሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሚጡ የያዘችውን ፀጉር ጠቅልላ አስራ ጨረሰች።

«ቁጭ በል አባዬ። ተራህ ሲደርስ እጠራሃለሁ።»

መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ስለነበረች ወደዚያ ሄደ።

«እዛ አይደለም» አለች ሳትዞር። አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። አንዷ ቦታ ለቀቀችለት።

ተራው ሲደርስ ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ጨርቁን የሰፋችው እናቷ ናት፤ ስፌቱን ያውቀዋል። ውኃ ረጨችበት፤ አበጠረችው፤ መቀሱን አነሣች። እንደ እናቷ ጆሮውን በጣቷ አጠፍ አድርጋ ነው የምትቆርጠው።

«ቅጠሉ አልነበረም ያናደደኝ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ አለመምጣትህ ነው። ብቅ ብትል ኖሮ እኮ እኔ ያን ዕለት ቂሜ ያልቅልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እማዬ እዛች ወንበር ላይ ነበረች። ‹አባትሽን አውቀዋለሁ፤ ቅጠሉን አስቀድሞ ልኮ ራሱ ከኋላ ይመጣል፤ ሆዱ አያስቀምጠውም› አለችኝ። ሻይ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ‹ሲሻገር ልየው› ብላ። እስክዘጋ ድረስ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።»

በመስተዋቱ ውስጥ ወንበሯ ትታያለች። ከወንበሯ ወዲያ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወዲያ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ዛፉ። ጋሽ ጨለማ መናገር እንደሌለበት ያውቃል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም፤ ዝም ማለት ደግሞ ሥራው ነው። ያን ቀን ግን አልቻለም።

«መጥቼ ነበር» አለ።

መቀሱ ቆመ።

«ከዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። አየኋት። ደክሟት የምታርፍ መስሎኝ ተመለስኩ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አልሰሙም፤ የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል።

«እሷስ አየችህ?» አለች ሚጡ።

«አላየችኝም። ጥላው ውስጥ ነበርኩ።»

ልጅቷ በክንዷ ፊቷን ጠረገች። ማበጠሪያውን ነክራ አወጣች፤ ከማጅራቱ ላይ ያለውን ፀጉር ወደ ታች አበጠረችው።

«አንገትህን ቀና አድርግ አባዬ» አለችው፤ መቁረጧንም ቀጠለች።